የስበት ማዕከልና የጎማ ሸክም፦ ከኮምቦልቻ አየር ማረፊያ እስከ ጣርማበር ዳገት

መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ክብደቱን በሙሉ የሚያሳርፈው በጎማዎቹ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ጎማ የሚደርሰው ድርሻ ግን እኩል አይደለም። ድርሻውን የሚወስነው የስበት ማዕከል ነው፤ ይህም የአውሮፕላኑ፣ የነዳጁ፣ የመንገደኞቹና የሻንጣው ክብደት ሁሉ ተሰብስቦ እንዳረፈበት የሚቆጠር አንድ ነጥብ ነው።

ስሌቱ በሁለት ሕጎች ይሠራል። ጎማዎቹ ወደ ላይ የሚገፉበት ኃይል ሲደመር ከጠቅላላው ክብደት ጋር እኩል ይሆናል። አውሮፕላኑ ካልተደፋ ወይም በጅራቱ ካልተቀመጠ ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ ሊያዞሩት የሚሞክሩት ኃይሎች ይጣፋሉ፤ የማዞር አቅም የሚለካውም ኃይሉ በርቀቱ ተባዝቶ ነው። በሽተኛ በቃሬዛ ሲወሰድ የሰውነቱ ክብደት ባጋደለበት በኩል የያዘው ሰው ቀድሞ የሚደክመው በዚሁ ሕግ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ የሚበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኪው 400 አውሮፕላን እንውሰድ። ከአፍንጫው ሥር ሁለት፣ በክንፎቹ በኩል ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው አራት ዋና ጎማዎች አሉት። በአፍንጫ ጎማውና በዋናዎቹ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። ለስሌት እንዲያመች ክብደቱ 280 ኩንታል፣ የስበት ማዕከሉም ከዋናዎቹ ጎማዎች 1.2 ሜትር ወደፊት ነው እንበል። 280 በ1.2 ተባዝቶ ለ14 ሲካፈል 24 ኩንታል ይሆናል፤ ይህ የአፍንጫ ጎማዎቹ ሸክም ነው። የቀረው 256 ኩንታል ለአራቱ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 64 ኩንታል ይደርሰዋል። ወደ ኃይል መለኪያ ለመለወጥ አንድ ኩንታል 980 ኒውተን ያህል ነው።

አሁን 80 ኪሎ የሚመዝኑ 10 መንገደኞች ከፊት ወንበሮች ተነሥተው 7 ሜትር ወደኋላ ቢሄዱ ጠቅላላው ክብደት በአንድ ግራም እንኳ አይለወጥም። የስበት ማዕከሉ ግን 20 ሳንቲ ሜትር ወደኋላ ይሸሻል፤ የአፍንጫው ሸክምም ከ24 ወደ 20 ኩንታል ይወርዳል። አፍንጫው ከመጠን በላይ ከቀለለ መሬት ላይ መሪው አይታዘዝም፤ ከመጠን በላይ ከከበደ ደግሞ ለመነሣት ቀና ማለት ይቸግረዋል። ባዶ ወንበር እያለ የበረራ አስተናጋጅ መንገደኛን ቦታ ለውጥ የምትለው አንዳንዴ ለዚህ ነውና ሳያጉረመርሙ መታዘዝ ይገባል።

ካረፈ በኋላ ፍሬን ሲያዝ ሌላ ነገር ይጨመራል። ፍሬኑ የሚጎትተው መሬት ላይ ሲሆን የስበት ማዕከሉ ግን ከፍ ብሎ ነው ያለው። ከፍታው 2.8 ሜትር ቢሆንና ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ3 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ፣ ወደ 17 ኩንታል የሚጠጋ ሸክም ከዋናዎቹ ጎማዎች ወደ አፍንጫው ይዛወራል።

አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገበት ሲ 47 አቀማመጡ የተገላቢጦሽ ነበር። ዋና ጎማዎቹ ከስበት ማዕከሉ ፊት ነበሩ፤ ሦስተኛዋ ትንሽ ጎማ ከጅራቱ ሥር ነበረች። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ፍሬኑ በኃይል ከተያዘ ጅራቱ ተነሥቶ በአፍንጫው ሊደፋ ይችላል። የአፍንጫ ጎማ በኋላ የተስፋፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሕጉ ክንፍ አይጠይቅም። በይፋት ቆላ ጎልቶ የሚታየው የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ሲጫን ነው። መንገዱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲና አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የጣርማበር ዋሻ ይወጣል። ከነጭነቱ 108 ኩንታል የሚመዝን፣ በፊትና በኋላ አክስሉ መካከል 4.5 ሜትር ርቀት ያለው መኪና ይታሰብ። የስበት ማዕከሉ ከኋላ አክስሉ 1.5 ሜትር ወደፊት ከሆነ የፊቱ 36፣ የኋላው 72 ኩንታል ይሸከማል። ፊት ሁለት፣ ኋላ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት ጎማዎች ስላሉ ለእያንዳንዱ ጎማ 18 ኩንታል ይደርሰዋል። ጥሩ አጫጫን ማለት ይህ ነው።

ጭነቱ ወደ ካሶኒው ጫፍ ተገፍቶ ማዕከሉ 1.2 ሜትር ላይ ቢወድቅ የኋላው ወደ 79 ኩንታል ያሻቅባል፤ የፊቱም ከ29 በታች ይሆናል። ዳገቱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣና የስበት ማዕከሉ 1.8 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ከሆነ ሌላ 3.5 ኩንታል ከፊት ወደኋላ ይሸሻል። ወደ 25 ኩንታል የቀረው የፊት ጎማ በጣርማበር ጠመዝማዛ ላይ መሪውን የሚያምነው በዚያች ሸክም ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሸክሙ ወደፊት ይመጣል፤ ጭነቱ ተቆልሎ ከፍ ባለ ቁጥር ዝውውሩ ይብሳል፤ በኩርባው ላይም የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል።

ማዕከሉ የት እንዳለ ለማወቅ ስሌቱ ይገለበጣል። አውሮፕላን በየጎማዎቹ ሥር ሚዛን ተደርጎ ይመዘናል፤ መኪናም አንድ አንድ አክስሉ እየተለየ ሊመዘን ይችላል። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት የሚያስጭኑ ነጋዴዎችና ሾፌሮች ስንት ኩንታል ተጫነ ብለው ብቻ አይርኩ፤ ከባዱን ከታችና ወደ ጋቢናው አስጠግተው ያስጭኑ፤ የየአክስሉንም ክብደት ለይተው ያስመዝኑ።