ቁልፉን ይዞ ፎቅ የቀየረ

ይህን የምነግራችሁ ለዓመታት የኢሜይል ሰርቨር ሳስተዳድር በዓይኔ ካየሁት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ አስኪያጁ ፀሐፊ የዓመት እረፍት ወጣች። «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ተብዬ አንዲት ባልደረባዋ የሥራ አስኪያጁን የኢሜይል ሳጥን እንድትከፍት ፈቃድ ሰጠኋት። ፀሐፊዋ ተመለሰች፤ ተተኪዋ ወደ ግዥ ክፍል ተዛወረች፤ እኔም ረሳሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ የፈቃዶቹን ዝርዝር ሳወጣ ስሟ እዚያው አለ። ጨረታ የሚያወዳድር ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሥራ አስኪያጁ ሳጥን በየጠዋቱ ከራሷ ሳጥን ሥር ይመጣላት ነበር። እሷ ምንም አላጠፋችም። ኤክስቼንጅ በተባለው የኢሜይል ሰርቨር ላይ ሙሉ መግቢያ ሲሰጥ ሳጥኑ አውትሉክ ላይ በራሱ ይከፈታል።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሥራ አስኪያጁ ፓስወርዳቸውን ደጋግመው ቀይረዋል። ከንቱ ድካም ነበር። እሷ የምትገባው በራሷ ፓስወርድ ነዋ!

ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ይዞ ይዞራል፤ ንብረት ክፍል ላፕቶፑን፣ ፋይናንስ ብድሩን ይጠይቀዋል፣ አይቲ አካውንቱን ዘግቶ ይፈርማል። የሚዛወረውን ግን ማንም ክሊራንስ አይጠይቀውም። ቁልፎቹን እንደያዘ ፎቅ ይቀይራል። ለዚህ ነው ፈቃድ ለሥራ መደቡ እንጂ ለሰው አይሰጥ እያልኩ የምወተውተው። ለመደቡ አንድ ቡድን ይከፈትና ፈቃዱ ለቡድኑ ይሰጥ፤ ሰው ሲዛወር ከቡድኑ ማውጣት ብቻ ይበቃል።

አለቆች ሲያዙን «ሁሉንም ስጣት» ይላሉ። እባካችሁ እንዲህ አትበሉ። ሙሉ መግቢያ ያለው ሰው ያነባል፣ ይሰርዛል፤ በእናንተ ስም መላክ ግን አይችልም። ለመላክ ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ። በአንደኛው «እገሊት፣ ስለ እገሌ ሆና» ተብሎ ስለሚጻፍ ተቀባዩ የሁለቱንም ስም ያያል። በሌላው የሚታየው የእናንተ ስም ብቻ ነው። «ሁሉንም» ያለ አለቃ ፊርማውን አሳልፎ ሰጥቷል።

ፖስትፊክስ የተባለውን የኢሜይል ሰርቨር የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አለባቸው። ሰርቨሩ ተጨማሪ ቅንብር ካልተደረገለት፣ በፓስወርዱ የገባ ማንኛውም ሠራተኛ በላኪው ቦታ የፈለገውን አድራሻ መጻፍ ይችላል። የፋይናንስ ኃላፊውን አድራሻ አስገብቶ ለገንዘብ ያዥዋ «ይህን ዛሬውኑ ክፈይ» ቢላት ሰርቨሩ አያስቆመውም። የትኛው ሠራተኛ በየትኛው አድራሻ እንደሚልክ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ተሠርቶ፣ የማይገጥመውን መልስ የሚል ትእዛዝ መግባት አለበት። ያ ትእዛዝ የሌለባቸውን ሰርቨሮች ከአንድም ሁለት ጊዜ ተረክቤያለሁ።

አዎ፣ እኛ አስተዳዳሪዎችም ማንበብ እንችላለን። ዶቭኮት በተባለው የኢሜይል ሰርቨር ላይ ዋና ተጠቃሚ የሚባል አካውንት ከተከፈተ ባለቤቱ በራሱ ፓስወርድ የማንንም ሳጥን ይከፍታል። ለጥገና ያስፈልግ ይሆናል። ያ መግቢያ ግን አስተዳዳሪው ራሱ ሊሰርዘው በማይችልበት ቦታ መመዝገብ አለበት፤ ይህን የምለው ራሴ ያን ቁልፍ ይዤ ስለኖርኩ ነው።

የትንንሽ መሥሪያ ቤቶች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 መጨረሻ ሚድናይት ብሊዛርድ የተባለው፣ ከሩሲያ መንግሥት ጋር የሚያያዘው ቡድን ማይክሮሶፍት ራሱ ውስጥ ገባ። መግቢያው አንድ የሙከራ አካውንት ነበር፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልበራበትም። ከዚያ አልፎ ከፍ ያለ ፈቃድ የነበረው አንድ አሮጌ የሙከራ መተግበሪያ አገኘ፤ በእሱም በኩል ሳጥኖችን ሁሉ የሚከፍት ፈቃድ ለራሱ ሰጠ። የከፍተኛ አመራሮች ኢሜይል ተነበበ። ኩባንያው የደረሰበት በጃንዋሪ 12 ቀን 2024 ነው። አሮጌው መተግበሪያ ያን ያህል ፈቃድ ምን ያደርግለት ነበር? በየሰርቨራችን የምናገኘው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የስካነሩ አካውንት፣ የቀድሞው የባክአፕ ፕሮግራም፣ አምስት ሰው በአንድ ፓስወርድ የሚገባበት የመረጃ ዴስክ ኢሜይል።

ነገ ቢሮ ስትገቡ አይቲ ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቁት፦ የእኔን ሳጥን ማን ማን ይከፍታል? በስሜስ ማን ይልካል? ጊዜ የለንም ቢሏችሁ አትቀበሉ። የአንድን ሳጥን ዝርዝር ማውጣት የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው።