ሰማንያ ስምንቱ ቀናት፦ በአውስትራሊያ ፍሬ የሚለቅሙ መንገደኞች

በአውስትራሊያ የፍራፍሬ እርሻዎች የለቀማ ወቅት በደረሰ ቁጥር፣ ከአካባቢው ነዋሪዎችና ከሌሎች ወቅታዊ ሠራተኞች ጎን ለጎን ወደ ማሳው ከሚገቡት መካከል ባክፓከር የሚባሉት የውጭ አገር ወጣቶች ይገኙበታል። ባክፓከር የሚለው ቃል ንብረቱን በአንድ የጀርባ ቦርሳ አዝሎ በአነስተኛ ወጪ ከአገር አገር የሚዘዋወርን መንገደኛ ያመለክታል፤ እነዚህ ወጣቶችም ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ፍሬ ለቅመው ባገኙት ገንዘብ የቀረውን ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ የወጣትነት ሽርሽር ቢመስልም፣ ቀርቦ ለሚያጠናው ግን በሕግ የተበጀና የአንድ ሰፊ አገር አዝመራ የተደገፈበት የሥራ ሥርዓት ነው።

ሥርዓቱ የቆመው ዎርኪንግ ሆሊደይ በሚባለው፣ ለእረፍትና ለሥራ በአንድነት በሚሰጠው ቪዛ ላይ ነው። ይህ ቪዛ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲጀመር ለብሪታንያ፣ ለካናዳና ለአየርላንድ ወጣቶች ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጃፓን፣ ጀርመን፣ ታይዋንና አርጀንቲና ድረስ ሰፍቷል፤ የአመልካቹም ዕድሜ ከ18 እስከ 30፣ ለጥቂት አገሮች ዜጎች ደግሞ እስከ 35 ሊሆን ይችላል። ከአፍሪካ አገሮች አንዱም በዝርዝሩ ስለሌለ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ወጣት በዚህ በር አይገባም፤ እስራኤል ግን ከአውስትራሊያ ጋር ተመሳሳይ ስምምነት ስላላት፣ የእስራኤል ዜግነት ያላቸው ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች እንደ ሌላው የአገሪቱ ዜጋ ማመልከት ይችላሉ።

ቪዛው በመጀመሪያ የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ መንግሥት አዲስ ሕግ አመጣ፤ ከትልልቅ ከተሞች ርቆ በእርሻና በመሳሰሉት በተለዩ የሥራ መስኮች ሦስት ወር፣ በቀን ሲቆጠር 88 ቀን የሠራ መንገደኛ ሁለተኛ ዓመት እንዲጨመርለት ተፈቀደ። ከሐምሌ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ በእነዚሁ መስኮች ስድስት ወር የሠራ ለሦስተኛ ዓመት መጠየቅ ቻለ። የዚህ ሕግ ብልሃት ግልጽ ነው። የበሰለ ፍሬ ዛፍ ላይ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፤ በእርሻዎቹ አካባቢ ያሉት ከተሞች ትንንሽ ናቸው፤ ለስድስት ሳምንት ብቻ መጥቶ የሚሄድ ሥራ ደግሞ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው አያዋጣም። ቦታ መቀያየር ኑሮው የሆነ መንገደኛ ግን እንዲህ ላለው ሥራ የተፈጠረ ያህል ይስማማል።

በዚህም የተነሣ መንገደኛው ከአገሩ ካርታ ይልቅ የአዝመራውን አቆጣጠር ተከትሎ ይጓዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ በኒው ሳውዝ ዌልስ በምትገኘው ያንግ በተባለች ከተማ ቼሪ ይደርሳል፤ ከጥር ጀምሮ በቪክቶሪያ ሼፐርተን አካባቢ ኮክና ፒር፣ በሚልዱራ ደግሞ ወይን ይለቀማል፤ በጋው ሲያልፍ በታዝማኒያ የሂዩን ሸለቆ የአፕሉ ተራ ይመጣል፤ ክረምቱን መሸሽ የሚፈልግም ወደ ሰሜን፣ ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ወደሚቆረጥባት ወደ ኩዊንስላንዷ ቱሊ ያቀናል።

ለቀማው ላልሞከረው ቀላል ይመስላል እንጂ የእጅ ጥበብ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የአፕል ለቃሚ ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ከረጢት ማሰሪያው በትከሻና በጀርባ ይዞራል፤ የታችኛው አፉ ወደ ላይ ታጥፎ በገመድ የሚያዝ ጨርቅ ነው። ለቃሚው ፍሬውን በጣቱ ጫፍ ሳይሆን በመዳፉ ሙሉ ይይዛል፣ ምክንያቱም የጣት ጫፍ የተጫነው ቦታ በሰዓቱ ባይታይም ቆይቶ ቡናማ ይሆናልና። ከዚያ ፍሬውን ወደ ታች አይጎትትም፤ ወደ ላይ አንሥቶ በስሱ ሲጠመዝዘው ከነአንገቱ ይለቃል። ፍሬው ከተጣበቀበት አጭር ጉጥ ላይ የሚመጣው ዓመት እምቡጥ ስለሚገኝ፣ ጉጡን የገነጠለ እጅ የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የከርሞውንም ምርት ይዞ ይወርዳል። ከረጢቱ ሲሞላ ለቃሚው ቢን ወደሚባለው፣ 400 ኪሎ ያህል አፕል ወደሚይዘው ትልቅ ሣጥን ጎንበስ ብሎ ገመዱን ይፈታል፤ ፍሬውም ሳይወድቅ እየተንሸራተተ ይወጣል። ቀይ አፕል ብዙ ጊዜ በአንድ ዙር አይለቀምም፤ መጀመሪያ ቀለሙ የደረሰው ብቻ ተመርጦ የቀረው ለሌላ ቀን ይተዋል። ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቶ ቡና የለቀመ እጅ ይህን ሥራ ፈጥኖ ይረዳዋል።

አከፋፈሉ ለብዙ ዘመን የተመሠረተው በሰዓት ሳይሆን በተሞላው ሣጥን ወይም በተለቀመው ኪሎ ላይ ነበር። ይህ አሠራር ለቀልጣፋው ለቃሚ ጥሩ ገቢ ሲያስገኝ፣ እጁ ያልተፍታታ ጀማሪ ወይም ፍሬው በሳሳበት ማሳ የተመደበ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ደክሞ የማደሪያውን እንኳ የማይሸፍንበት ጊዜ ነበር። የአገሪቱ የሥራ ግንኙነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ በሣጥን የሚከፈለውም ሠራተኛ ለሠራበት ሰዓት ከተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ በታች እንዳያገኝ ተደነገገ፤ ይህም ክፍያ ለጊዜያዊ ሠራተኛ በወቅቱ በሰዓት 25.41 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ይህ ውሳኔ ዘገየ እንጂ የሚገባ ነበር። ግብሩ ግን አሁንም ከበድ ይላል፤ የአገሬው ነዋሪ በዓመት እስከ 18,200 ዶላር ካገኘው ግብር የማይከፍል ሲሆን፣ ባለ ዎርኪንግ ሆሊደይ ቪዛው በአብዛኛው ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ 15 በመቶ ይቆረጥበታል።

የሥርዓቱ ትልቁ ጉድለት የሚገኘው ግን ከደመወዙ ይልቅ በ88ቱ ቀናት ውስጥ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ቪዛ በአሠሪው ማረጋገጫ ላይ የተንጠለጠለበት ወጣት ክፍያው ቢጓደልበት ወይም ክብሩ ቢነካ ለመናገር ያመነታል፤ ሥራውን የሚያገናኘው ደላላና አልጋውን የሚያከራየው ሰው አንድ ሲሆኑ ደግሞ ሥራውን ሲተው ማደሪያውንም ያጣል። የማደሪያው ነገር ምን ያህል የሕይወት ጉዳይ እንደሆነ ያሳየው በሰኔ 2000 (እ.ኤ.አ.) በኩዊንስላንዷ ቺልደርስ የደረሰው ቃጠሎ ነው፤ ሆን ተብሎ በተለኮሰው በዚያ እሳት፣ ለፍሬ ለቀማ የመጡ መንገደኞች ባደሩበት ሆስቴል 15 ወጣቶች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ግዛቲቱ በርካሽ ማደሪያዎች ላይ ያለውን የእሳት መከላከያ ሕግ አጠበቀች።

በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ በኮቪድ ምክንያት ድንበሯን ስትዘጋ፣ በአገሪቱ ከ100,000 በላይ የነበሩት ባለ ዎርኪንግ ሆሊደይ ቪዛዎች በዓመት ጊዜ ውስጥ ከግማሽ በታች ወረዱ፤ ለቃሚ ያጡ እርሻዎችም ፍሬያቸው ዛፍ ላይ ሲበላሽ አዩ። በመንገደኞቹ ቦታ ይበልጥ የተፈለጉት በመንግሥታት ስምምነት ከቫኑዋቱ፣ ከቶንጋና ከሳሞአ የሚመጡት የፓስፊክ ደሴቶች ሠራተኞች ናቸው፤ እነርሱ ለጉዞ ሳይሆን ቤተሰብ ለመርዳት ስለሚመጡ ብዙዎቹ ወቅቱን ጨርሰው ይሄዳሉ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ወደዚያው እርሻ ይመለሳሉ። ከሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ የብሪታንያ ዜጎች በአገራቸው የንግድ ስምምነት መሠረት ያለ እርሻ ሥራ ሦስቱንም ዓመት እንዲያገኙ ተፈቅዷል። በለቀማው መሰላል ላይ የሚሠሩት ጀርመናዊና ታይዋናዊ ግን የደመወዝ ወረቀታቸውን በጀርባ ቦርሳቸው እያጠራቀሙ እስከ 88 መቁጠራቸውን ቀጥለዋል።