በእንጨት መብራት ላይ ኅብረ ቀለምን ስለ መፈተን

የዘይት ቀለም የእንጨቱን ገጽ ሸፍኖ መልኩን ሲሰውር፣ በውኃ የሚሟሟው ማቅለሚያ ግን ወደ ውስጡ ሰርጾ፣ ፈጣሪ የሣለበትን መስመር አጉልቶ ያወጣዋልና፣ በእጄ ለምሠራቸው መብራቶች ይህን ሁለተኛውን መርጫለሁ። ዋንዛ በባሕርዩ ቡናማ ስለ ሆነ ሰማያዊውን ያደበዝዘዋል፤ ነጣ ያለው ዝግባ ግን ኅብሩን በጥራት ይቀበላል። ውኃ የእንጨቱን ቃጫ እንደ ጠጉር ስለሚያቆመው፣ አስቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ አብሶ፣ ሲደርቅም በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይገባል። አግድም የተቆረጠው ጫፍ አብዝቶ ስለሚጠጣ ይጠቁራል። ከሁሉ ይልቅ፣ በቀን ብርሃን ያማረውን ሰማያዊ የአምፖሉ ቢጫ ጸዳል ወደ አረንጓዴ ሲመልሰው ደጋግሜ አይቻለሁና፣ ለሙከራ የተቀባውን የእንጨት ቁራጭ በበራ አምፖል ሥር ሳታዩ፣ እባካችሁ፣ ዋናውን ሥራ አትቅቡ።