ቡና ያለ ስኳር መልመድ ይቻላልን?

«ቡናዎን ያለ ስኳር ይጠጡ» ቢባሉ፣ አንባቢ ሆይ፣ ፊትዎ ይኮሳተር ይሆናል። እስቲ አስቀድመን ሒሳቡን እንያዘው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ጨምረው አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ቢጠጡ፣ በአንድ መቀመጫ 24 ግራም ስኳር ጠጡ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የአንድ ዐዋቂ ሰው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም ገደማ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ግን ወደ 25 ግራም ዝቅ እንዲል ይመክራል። እንግዲህ የቢሮው ሻይና ለስላሳው ገና ሳይቆጠሩ የቀኑ ድርሻ በረከቦቱ ዙሪያ አለቀ።

ስኳር ከቡናችን ጋር አብሮ የተወለደ አይምሰልዎ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። በብዙ የገጠር አካባቢ ቡና ይጠጣ የነበረው በጨው፣ አንዳንድ ዘንድም በቅቤ ነበር፤ ዛሬም ይህን ያልተዉ አሉ። ጨው ምሬትን እንደሚያደበዝዝ ሳይንቲስቶች በሙከራ አረጋግጠዋል፤ አያቶቻችን ግን ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አላስፈለጋቸውም። (ስኳሩን ትተው ጨው ይጀምሩ ማለቴ አይደለም፤ ደም ግፊት ላለበት ሰው ጨውም ወዳጅ አይደለም።)

ለመሆኑ ምሬቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ከካፌይን ነው ይላል። ካፌይን መራራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያዋጣው ጥቂቱን ነው። አብዛኛው ምሬት የሚፈጠረው ቡናው ሲቆላ ነው። ፍሬው ጠቁሮ ቅባት እስኪያወጣ በምጣድ ላይ ሲቆይ የራሱ ጣፋጭነት ይቃጠላል፤ ምሬቱም ይከራል። ስለዚህ በስኳር የምንሸፍነው ብዙ ጊዜ የቡናውን ጠባይ ሳይሆን የአቆላሉን ጥፋት ነው። በደኅና የተቆላ የሐረር ቡና የበሰለ ፍሬ መዓዛ አለው፤ የይርጋ ጨፌው ደግሞ የአበባና የሎሚ። ሁለት ማንኪያ ስኳር ከገባበት በኋላ ግን ሁለቱን መለየት ያስቸግራል።

ልማዱስ ይለቃልን? በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ይፋ በሆነ ጥናት፣ ሻይ በስኳር የሚጠጡ 64 ወንዶች ለአንድ ወር ተፈትነው ነበር። ስኳሩን ጥቂት በጥቂት ከቀነሱት 42 በመቶው፣ በአንድ ጊዜ ካቋረጡት 36 በመቶው ልማዱን ተዉ፤ እንደ ቀድሞው ከቀጠሉት ግን የተዉት 6 በመቶ ብቻ ናቸው። ሻዩንም አልጠሉትም። የተፈተኑት ሰዎች ቁጥር ትንሽ ቢሆንም መንገዱን ያመለክታል። ለኛ ሀገር ሰው ደግሞ መልካም መሰላል አለ፤ አቦሉ ጠንካራ ስለሆነ ከእርሱ አይጀምሩ፤ በቅድሚያ ቀጠን ካለው ከበረካው፣ በሳምንቱ ከቶናው፣ በመጨረሻ ከአቦሉ ስኳሩን ያንሡ።

ከምላስ ይልቅ የሚያስቸግረው የሰው ቤት ነው። በብዙ ቤት ስኳሩ በሲኒው ውስጥ የሚቀመጠው ቡናው ከመቀዳቱ በፊት ነው፤ እንግዳን ስኳር መንፈግም ያሳፍራል። ስለዚህ ጀበናው ከእሳት ሲወርድ፣ ሲኒው ሳይሰናዳ፣ «እማማ፣ ለኔ ስኳር አይጨምሩብኝ» ብለው ያስታውቁ። «ምነው ልጄ፣ ሐኪም ከለከለ እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። ጤነኛ መሆንዎን ይንገሯቸውና የቡናቸው ጣዕም በስኳር እንዳይሸፈንብዎ ፈልገው መሆኑን ያስረዷቸው፤ አቆላላቸውን ለሚያውቁ እናት ይህ ደስ የሚያሰኝ ቃል ነው።