ሳይታመሙ መመርመር፦ ሴቶች ከማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ለምን ይቀራሉ?

የማህፀን በር ጫፍ ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ከብዙዎቹ ካንሰሮች የሚለየው መነሻው በውል የታወቀና ካንሰር ከመሆኑ በፊት ሊደረስበት የሚችል በመሆኑ ነው። መነሻው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች ፒ ቪ ነው፤ ከዝርያዎቹ መካከል 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ብቻ ከበሽታው 70 በመቶ ያህሉን ያስከትላሉ። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ቫይረሱን በራሱ ያስወግደዋል፤ ሳይወገድ ከቀረ ግን የማህፀን በር ሴሎችን ቀስ በቀስ እየለወጠ ወደ ካንሰር እስኪያደርሳቸው ድረስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው በሚገኝና ሕክምና ባልጀመሩ ሴቶች ላይ ጊዜው አጥሮ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይሆናል።

ይህ ረጅም ጊዜ በሽታውን ለመከላከል እጅግ የተመቸ ቢሆንም፣ ሴቶችን ከምርመራ የሚያስቀረውም እርሱው ነው፤ በነዚህ ዓመታት ሁሉ ሕመምም ሆነ መድማት የለምና። ጤና ጣቢያ የታመመ የሚታከምበት፣ ነፍሰ ጡር የምትወልድበትና ሕፃን የሚከተብበት ቦታ ሆኖ በሚታወቅበት አካባቢ፣ «ምኔን አሞኝ ነው የምመረመረው?» የምትል ሴት የገበያ ቀኗንና የልጆቿን ምሳ ትታ የምትሄድበት ምክንያት አይታያትም። ከግንኙነት በኋላ መድማት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም የማይለቅ የወገብ ሕመም ሲመጣ ግን በሽታው ብዙ ጊዜ ሥር ሰድዷል።

ሁለተኛው ምክንያት ኀፍረት ነው፤ ይህንንም እንደ ኋላቀርነት ቆጥሮ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ለምርመራው ሴቲቱ ከወገቧ በታች ተገልጣ ትተኛለች፤ ባለሙያው ስፔኩለም በሚባል መክፈቻ የማህፀን በሩ እንዲታይ ካደረገ በኋላ፣ ከኮምጣጤ ጋር ዝምድና ያለውን አሴቲክ አሲድ በጥጥ ቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቃል፤ የተለወጠ ሴል ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ድርጊቱ አጭር ቢሆንም በሩ በማይዘጋ ክፍል፣ በማታውቀው ወንድ ባለሙያ ፊት ገመናዋን የምትገልጥ ሴት የሚሰማት ጭንቀት እውነተኛ ነው፤ መጋረጃ፣ ሴት ባለሙያና አስቀድሞ የሚሰጥ ማብራሪያ እንደ ቅንጦት ሊታዩ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ቫይረሱ በግንኙነት የሚተላለፍ መሆኑም ሌላ ስጋት ይፈጥራል። ምርመራው በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተስፋፋው ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ከሚሰጠው ሕክምና ጋር ተያይዞ በመሆኑ፣ ወደ ምርመራ ክፍሉ ስትገባ መታየት ጎረቤትን የሚያነጋግር፣ ባልንም የሚያጠራጥር ይመስላል። ሆኖም ኤች ፒ ቪ ግንኙነት የጀመሩ አብዛኞቹ ሰዎች በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የሚይዛቸውና ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ የሚችል ስለሆነ፣ መገኘቱ የማንንም ታማኝነት አይለካም።

ካንሰር የሚለው ስም ራሱ ያስፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረተ ቢስ አይደለም፣ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለነበር የታማሚዎች ወረፋ ረጅም ነበርና። መነገር ያለበት ምርመራው የሚፈልገው ገና ካንሰር ያልሆነውን ለውጥ መሆኑና ለውጡ ሲገኝ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት በደቂቃዎች ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን፣ መወገድ መቻሉ ነው። ይሁንና ደፍራ የመጣችው ሴት መሣሪያው ተበላሽቷል ወይም የማቀዝቀዣው ጋዝ አልቋል ተብላ ከተመለሰች፣ ዳግመኛ ላለመምጣቷ ተወቃሹ አገልግሎቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሴቶች ናሙናውን ራሳቸው የሚወስዱበትን የኤች ፒ ቪ ምርመራ የደገፈ ሲሆን፣ ይህ አሠራር ቢስፋፋ ኀፍረቱንም ድካሙንም ያቀላል።

በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው የኤች ፒ ቪ ክትባት መጪውን ትውልድ ይጠብቃል፤ እናቶቻቸው ግን ያላቸው ምርመራ ነው። ስለዚህ ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆናት ሴት ሁሉ ምንም ባያማትም በአቅራቢያዋ ያለውን ጤና ጣቢያ ትጠይቅ፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት ደግሞ ይህን ዕድሜ ሳትጠብቅ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር።