ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ፦ ፐርል የተደራረበ ሎጂክን እንዴት ይፈታል?

አንድ ቤተ መጻሕፍት የሚያስገባው ከፋይ ሆኖ ተማሪ ወይም መምህር የሆነን ሰው ብቻ ነው እንበል። በሩ ላይ የሚመለሰውን ሰው የሚለየው የፕሮግራም መስመር እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

!(ከፋይ && (ተማሪ || መምህር))

«!» አሉታ ነው፤ «&&» እና፣ «||» ደግሞ ወይም። መስመሩ ስሕተት የለበትም። ሆኖም አሉታው ከውጭ ሆኖ የውስጡን ሁሉ ስለሚገለብጥ አንባቢን ያደክማል። እንዲህ ያሉ መስመሮች ሲበዙ እየለቀሙ በእጅ ማረም አድካሚ ነው።

ፐርል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚጽፉ ፕሮግራመሮች ለዚህ የሚጠቀሙበት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የጽሑፍን ቅርጽ የሚገልጽና የሚያድን ቀመር ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሊኒ አፈለቀው፤ ኬን ቶምፕሰን በ1960ዎቹ ወደ ጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም አስገባው። ላሪ ዎል በ1987 ያወጣው ፐርል ደግሞ የቋንቋው አካል አደረገው።

የክሊኒ ቀመር ግን አንድ ነገር ይሳነዋል፦ ጥልቀት አይቆጥርም። ስንት ቅንፍ ተከፍቶ ስንቱ እንደተዘጋ አያስታውስም።

መፍትሔው ከውስጥ መጀመር ነው። \([^()]*\) የሚለው ቀመር መክፈቻ ቅንፍን፣ ከዚያ ቅንፍ ያልሆነውን ሁሉ፣ ከዚያም መዝጊያውን ይፈልጋል። ስለዚህ የሚይዘው ሌላ ቅንፍ ያላቀፈውን ብቻ ነው። ፐርል መጀመሪያ (ተማሪ || መምህር) የሚለውን አንሥቶ ያስቀምጥና በቦታው #1 ይተካል። ያኔ (ከፋይ && #1) በተራው ውስጠኛ ይሆንና #2 ይባላል። የቀረው !#2 ነው፤ ቅንፍ ስላለቀ ዙሩ ይቆማል።

ቀጥሎ የተቀመጠው ሁሉ ይዘረጋል። እዚህ ላይ የእንግሊዛዊው ሊቅ የኦገስተስ ደ ሞርጋን ሕግ ይሠራል፦ አሉታ ወደ ቅንፍ ሲገባ «እና» ወደ «ወይም»፣ «ወይም» ወደ «እና» ይለወጣል።

!ከፋይ || (!ተማሪ && !መምህር)

ያልከፈለ፣ ወይም ተማሪም መምህርም ያልሆነ ሰው አይገባም። ሲዘረጋ ቅንፉም መመለስ አለበት፤ ፐርል «&&»ን ከ«||» ስለሚያስቀድም ለምሳሌ !ሀ && (!ለ || !ሐ) ቅንፉን ካጣ ትርጉሙ ይፋለሳል።

በ2007 የወጣው ፐርል 5.10 ቀመር ራሱን እንዲጠራ ስለፈቀደ የፈለገውን ያህል የተደራረበ ቅንፍ በአንድ ቀመር ማግኘት ተችሏል። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ ቅንፍ ግን አሁንም ቆጠራውን ያዛባል፤ ስለዚህ ጥቅሶቹም አስቀድመው ይነሡና በቁጥር ይተካሉ። ሰዋስዉ ከዚህ ሲወሳሰብ ዴሚየን ኮንዌይ የጻፈው ሬጌክስፕ ግራመርስ የተባለው ሞጁል ሙሉውን ሕግ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ውስጥ ለመጻፍ ያስችላል።