ወደ ጫሞ ዳር ዓሣ ለማጥመድ ከመሄድ በፊት በቤት ስለሚደረግ ዝግጅት

በታላላቅ ባሕሮች ዳር በሚገኙ አገሮች ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ከማዕበሉ ውስጥ እስከ ጉልበቱ፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ወገቡ ይገባና ረዥሙን ዘንግ ከራሱ በላይ አንሥቶ ክሩን ወደ ጥልቁ ይወረውራል። ይህ በሥዕል ሲያዩት እጅግ ያስደስታል። ነገር ግን ሥዕሉን ያየ ሰው ወደ አርባ ምንጭ ወርዶ በጫሞ ወይም በአባያ ሐይቅ እንደዚሁ አደርጋለሁ ቢል ሕይወቱን ለአደጋ አሳልፎ መስጠቱ ነው። በነዚያ ውሆች ዓሣ የሚያድነው ሰው ብቻ አይደለምና፤ አዞም በዚያው ዳር ያድናል፤ እርሱም ዓሣውን ከዓሣ አጥማጁ አይለይም።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፤ በዕረፍት ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ ለሚወርዱ አባቶችና ስንቁን ለሚያሰናዱት እናቶች፤ መንጠቆው፤ ክሩና የመንጠቆው ምግብ ከቤት ሳይወጡ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጥቂት ለመግለጥ አስበናል።

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከከተማይቱ በታች ሁለቱ ሐይቆች ተዘርግተው ይታያሉ፤ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የተባለው ከፍ ያለ መሬት ይለያቸዋል። አባያ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ የሰፋው ነው። ኢጣሊያዊው ተጓዥ ቪቶሪዮ ቦተጎ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ወደዚያ በደረሰ ጊዜ በንግሥቱ ስም ማርገሪታ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ዳሩ ግን ስሙ በካርታ ላይ ቀረ እንጂ ወደ ባላገሩ አፍ አልገባም። የአባያ ውሃ በጭቃ የደፈረሰና ቀላ ያለ ነው፤ የጫሞ ግን ከእርሱ ይልቅ ይጠራል። ይህ ልዩነት ለአጥማጅ ትልቅ ነገር ነው። በጠራ ውሃ ዓሣው በዓይኑ አይቶ ይመጣል፤ በደፈረሰው ግን ሽታ ካልጠራው በቀር መንጠቆውን አያገኘውም።

በጫሞ ከሚገኙት ዓሦች ለእንግዳ አጥማጅ ሦስቱን ማወቅ ይበቃዋል፤ እነርሱም ቆሮሶ፤ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ነጭ ዓሣ ሌሎችን ዓሦች እየዋጠ የሚኖር ሲሆን ሙሉ እድገት ባገኘ ጊዜ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ይኸው ዓሣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ተወስዶ ቢለቀቅ የዚያን ሐይቅ ትንንሽ ዓሦች በብዛት ፈጅቷቸዋል፤ በጫሞ ግን ጥንቱንም የነበረ የአገሩ ተወላጅ ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ያነበብሁትን ብቻ ይዤ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከልጄ ጋር በጫሞ ዳር ሁለት ቀን ተከታትለን በአንድ ሥፍራ፤ በአንድ ሰዓት ተቀምጠን ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ ደኅና አምባዛ ወጣልን። እኔም ደስ ብሎኝ ከውሃው አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ ሆዱን ስቀድድ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ከኋላዬ በብርቱ ድምፅ ጮኹብኝ።

«ልጄ! ቢላዋውንም ዓሣውንም ተወውና ተነሥ! ልጁን ይዘህ ወደ ኋላ ሂድ!»

ደንግጬ ተነሣሁ። ሽማግሌውም በዱላቸው ወደ ውሃው አመለከቱኝ። እኔ ተንሳፋፊ ጉቶ የመሰለኝ ነገር ሁለት ዓይን ነበረው፤ ከተቀመጥሁበትም ቦታ ስምንት ክንድ አይርቅም ነበር።

«ትናንትስ የት ነበራችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እዚሁ ነበርን፤ አባቴ።»

«እንግዲያስ ትናንት አይቶሃል። ዛሬ ሲጠብቅህ ነው የዋለው።»

ስለ አዞ ጠባይ የሚመራመሩ ሰዎችም የሚሉት ከሽማግሌው ቃል የራቀ አይደለም። አዞ በአንድ ሥፍራ ዘወትር የሚወርደውን ፍጥረት ልብ ብሎ ይመለከታል፤ ሳይንቀሳቀስ ከተቀመጠም ከአንድ ሰዓት የበለጠ ጊዜ በውሃ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ውሃው ጸጥ ማለቱ አዞ ላለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም እንስቲቱ እንቁላሏን በአሸዋ ውስጥ ቀብራ ሦስት ወር ያህል ስለምትጠብቅ፤ ለአጥማጅ እጅግ የተመቸ የሚመስለው አሸዋማ ዳር አንዳንድ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ይሆናል።

እንግዲህ ከውሃው ጫፍ ቢያንስ 5 ሜትር መራቅና ከፍ ባለ ደረቅ ዳር ላይ መቆም የማይታለፍ ሕግ ነው። ይህም ሕግ የዕቃውን ምርጫ በሙሉ ይለውጠዋል። በሌላ አገር አጥማጁ ዓሣው በደከመ ጊዜ ወደ ውሃው ገብቶ በእጁ ያነሣዋል፤ በጫሞ ግን ወደ ዓሣው መሄድ ስለማይቻል ዓሣው ራሱ በክሩ ተጎትቶ እስከ ደረቁ ምድር መምጣት አለበት። በውሃ ውስጥ ቀላል የነበረው ዓሣ ከውሃ ሲወጣ ክብደቱ ሁሉ በክሩ ላይ ይወድቃል፤ በድንጋይና በሣር ላይም ሲጎተት ክሩ ይፋቃል። ስለዚህ በሌላ ሥፍራ ለቆሮሶ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ክር ቢበቃ፤ እዚህ 0.40 መያዝ ይሻላል፤ ለአምባዛ 0.60፤ ለነጭ ዓሣም 0.80 ቢሆን አይበዛም። ርዝመቱም ከ60 ሜትር ማነስ የለበትም። ቀጭን ክር ይዞ ሄዶ ዓሣው በዳር ሲንፈራገጥ «እንዳይበጠስብኝ» ብሎ ወደ ውሃው የሚሮጠው ሰው ነው የሚጎዳው፤ ወፍራሙ ክር ግን ሰውየውን በቦታው ያቆመዋል።

ካለፈው ዓመት የተረፈ ክር ካለ፤ ከመንገዱ ሁለት ቀን አስቀድሞ አንድ አንድ ሜትር እየያዙ በሁለት እጅ ሳብ ማድረግ ይገባል። ፀሐይ የመታው ናይለን ለዓይን አዲስ መስሎ ሳለ በቀላሉ ይበጠሳል። የሻከረና የተጠማዘዘ ቢገኝ ያን ክፍል ቆርጦ መጣል ነው።

ለዘንግ የሚሆነውን ቀርከሃ ከሩቅ አገር ማስመጣት አያስፈልግም። የዶርዜ ሰዎች ረዣዥም ቤቶቻቸውን የሚሠሩበት ቀርከሃ በጨንቻ ደጋ ይበቅላል፤ የበሰለውን መርጦ በጥላ ያደረቀ ሰው 4 ሜትር ያህል የሆነ ጥሩ ዘንግ ያገኛል። ክሩን የሚጠቀልል መዘውር ያለው ይጠቀምበት፤ የሌለው ደግሞ ክሩን በባዶ ጣሳ ላይ ጠምጥሞ በእጁ ሊወረውር ይችላል። ነገር ግን ክሩን በእጅ ወይም በወገብ ላይ መጠምጠም ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። አዞ በመንጠቆ የተያዘውን ዓሣ ከዳር እስከሚደርስ ሳይጠብቅ ይነጥቃልና፤ በዚያን ጊዜ ጣሳውን ለቆ ዕቃውን መተው ነው።

የመንጠቆ ቁጥር ለጀማሪ ግራ ያጋባል። ከ1 ወዲያ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ በአጠገቡ ዜሮ የተጻፈበት ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይተልቃል። ለቆሮሶ 8 ወይም 10 ቁጥር፤ ለነጭ ዓሣ 6/0 ወይም 8/0 ይስማማል። መንጠቆውን በሞረድ ሳል ሳል አድርጎ በጥፍር ላይ መሞከር ነው፤ ሳያንሸራትት ጥፍሩን ከያዘ በቂ ስለት አለው።

ቋጠሮው ደግሞ በቤት፤ በመብራት አጠገብ ተረጋግቶ ቢታሠር ይመረጣል። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ዓይን አሳልፎ በራሱ በክሩ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ መጠምጠም፤ ከዚያም ጫፉን መልሶ ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀዳዳ ማሳለፍ ነው። ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ማርጠብ ይገባል፤ በደረቁ ቢስቡት ናይለኑ በመፋተግ ይሞቅና ይደክማል። ልጆች ይህን ሥራ በጣም ይወዱታል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ማስተማር ነው። ለክብደት የሚሆነውን እርሳስ ግን በጥርሳቸው እንዲነክሱት መፍቀድ አይገባም፤ እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። በርሱ ፈንታ ከጋራዥ የሚጣል አሮጌ ካንዴላ ወይም የብሎን ዳዶ በሚገባ ያገለግላል።

አሁን ወደ መንጠቆው ምግብ እንምጣ፤ በዚህ ክፍል የቤቱ እመቤት ከባሏ የበለጠች ሊቅ ናት። ለቆሮሶ ሊጥ ይስማማዋል፤ ነገር ግን ተራ ሊጥ በተወረወረ ጊዜ ከመንጠቆው ላይ ይበተናል። መድኃኒቱ ሊጡን በጥቂት ውሃ ጠንከር አድርጎ ሲያቦኩ የተባዘተ ጥጥ በስሱ እየበተኑ አብሮ መለወስ ነው። ጥጡ ሊጡን እንደ ጅማት ይይዘዋል። ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው። የመሬት ትል ለቆሮሶም ለአምባዛም ይሆናል። በአርባ ምንጭ የሙዝ እርሻ ስለ በዛ፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ ከበሰበሰው የሙዝ ቅጠል ሥር ያለውን እርጥብ አፈር መቆፈር በቂ ነው። ትሉ ክዳኑ በተበሳ ጣሳ ውስጥ ከነአፈሩ ሆኖ በጥላ ቢቀመጥ ሁለት ቀን ይቆያል።

ለአምባዛ ከሥጋ ቤት የሚገኝ ሳንባ፤ ጉበት ወይም አንጀት በጣት ልክ ይቆረጥና በልብስ ስፌት ክር ከመንጠቆው ጋር ይታሠራል፤ ጥቂት የሸተተው ይመረጣል፤ ይልቁንም ለአባያ ድፍርስ ውሃ። ነጭ ዓሣ ግን የሚሻው ዓሣ ነው፤ ስለዚህ ከገበያ የተገዛ ትንሽ ቆሮሶ በቁመቱ ተሰንጥቆ ይቀርብለታል።

ደም ያለበት ምግብ ሁሉ በሚገባ በሚዘጋ ባልዲ ውስጥ ሆኖ ከውሃው ዳር ርቆ መቀመጥ አለበት። እጅ ለመታጠብም ሆነ ዓሣ ለማጽዳት ወደ ሐይቁ መጎንበስ እንዳያስፈልግ ከቤት አንድ ጀሪካን ውሃ መያዝ ይገባል። ሚስቴ «ወደ ሐይቅ ውሃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ዛሬ አየሁ» እያለች ትስቅብኛለች፤ ጀሪካኑን ግን እርሷው ሞልታ ትሰጠኛለች።

ከዚህ ሌላ በአንድ ከረጢት ውስጥ ፒንሳ፤ ንጹሕ ጨርቅ፤ ባርኔጣና እጅጌው ረዥም የሆነ ልብስ ይከተታል። አገሩ ቆላ ስለ ሆነ የወባ ትንኝ አለበት፤ በዚያ ለሚያድር ቤተ ሰብ አጎበር ከመንጠቆው በፊት የሚታሰብ ነው።

ስለ ሰዓቱ አንድ መራር ነገር መናገር ግድ ይሆንብናል። ዓሣ አጥብቆ የሚበላው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ አዞም አጥብቆ የሚያድነው በዚያው ጊዜና በሌሊት ነው። ጉማሬም ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ በለመደው ጎዳና ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በርሱና በሐይቁ መካከል የቆመን ሰው አይምርም። ስለዚህ ልጅ ይዞ የሄደ ሰው የተሻለውን ሰዓት ለባለቤቶቹ ትቶ ከጥዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያጥምድ። የሚያገኘው ዓሣ ያንስ ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሣል። በሚቀጥለውም ቀን ሌላ ሥፍራ መምረጥ ነው።

የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ዓ.ም. ሲመሠረት ከሁለቱም ሐይቆች ከፊሉን በክልሉ ውስጥ አግብቷል፤ ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995ም አለ። ስለዚህ ከጉዞው በፊት በከተማው ካሉት መሥሪያ ቤቶች ስለ ፈቃድና ስለ ሥፍራው መጠየቅ ያስፈልጋል። የጫሞ ነጭ ዓሣ ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ እያነሰ መጥቷል፤ ትንንሹ ዓሣ ገና ሳይወልድ በጠባብ መረብ መያዙ አንዱ ምክንያት ነው። እንግዲህ ለጨዋታ የመጣ ሰው ትንሹን መልሶ ቢለቅ፤ የጎደለውንም ሐይቁ እንጀራቸው ከሆነው ዓሣ አስጋሪዎች ቢገዛ ደግ ያደርጋል።

ወደ ቤት በተመለሱ ጊዜ ክሩን በንጹሕ ውሃ አጥቦ በጥላ ማስጣት፤ መንጠቆውንም አድርቆ በዘይት በተነከረ ጨርቅ ወግቶ ከልጆች እጅ ማራቅ ነው። የተቆራረጠውን ክር በሐይቁ ዳር መጣል አይገባም፤ ወፎች እግራቸውን ይጠላለፉበታል። ለቅሞ በጣሳው ይዞ መመለስ ነው፤ የተረፈውም ትል ወደ ሙዙ ሥር ይመለሳል።